ገዢው ሲመጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን

ጥያቄ፦ የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ትራያምፍ ቦንቪል ቲ120 ሞተር ሳይክል ልሸጥ ነው። ይነሳል፣ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ቆሞ ሲነሳ ግን ጭሱ ግቢውን ይሞላዋል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሞተሩን ላሳድስ? ቀለምስ ላስቀባ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉ። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ያለቀ ሞተር ከሞቀም በኋላ ያጨሳል፤ የእርስዎ ግን ወዲያው ይጠራል። የዚህ ሞተር ዘይት የሚቀመጠው ለብቻው በተሠራ ታንክ ነው። ቆሞ ሲከርም በዘይት ፓምፑ ውስጥ መንገዱን በምትዘጋው ኳስ ሥር እየሾለከ ኮፓ (የሞተሩ የታችኛው ክፍል) ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲነሳ የሚቃጠለው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ኳሷ በመቀመጫዋ ላይ እንዳትገጥም የሚያደርግ ቆሻሻ ነው። መፍትሔው የሞተሩን የቀኝ ክዳን ከፍቶ ፓምፑን አውርዶ ማጠብ ነው። ያንን ካላደረጉ ገዢው በሚመጣበት ጠዋት የኮፓውን ብሎን ፈተው ያንጠፍጥፉ፤ ለገዢውም ይንገሩት። ሳያንጠፈጥፉ ታንኩ ጎደለ ብለው ዘይት እንዳይጨምሩ! ሞተሩ ሲነሳ ከኮፓ የሚመለሰው ዘይት ታንኩን ሞልቶ ይፈሳል።

ሞተሩን አስቀድመው አያሙቁት። ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ገና ሲደርስ መዳፉን ሲሊንደሩ ላይ ያሳርፋል፤ ከሞቀ «ቀዝቃዛ ሲሆን አይነሳም» ብሎ ዋጋ ይቆርጣል። ፊቱ ያስነሱት፦ ቤንዚን ይክፈቱ፣ የሁለቱንም ካርቡራተሮች መጫኛ ቤንዚን ጠብ እስኪል ይጫኑ፣ ፍሪሲዮን ይዘው ሦስት አራት ጊዜ ይርገጡ (የተጣበቁት ዲስኮች ይላቀቃሉ)፣ ከዚያ ቁልፉን አዙረው ያስነሱ። ወዲያው የዘይት ታንኩን ክዳን ከፍተው ያሳዩት፤ ከመመለሻው ቧንቧ ዘይት ከአረፋ ጋር ቱፍ ቱፍ ሲል ማየቱ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ከቀናት በፊት ደግሞ የፑንቲናውን (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሳው መገናኛ) ክፍተት 0.38 ሚሜ፣ የቫልቮቹን በቀዝቃዛው 0.05 (መግቢያ) እና 0.10 ሚሜ (መውጫ) ያድርጉ። አዲስ ባትሪ ከገጠሙ ሻንሲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፤ የለመደ እጅ ሁሉ እዚህ ይሳሳታል።

የፋብሪካ ቀለም ቢፋቅም ከአዲስ ቅብ ይሻላል፤ አዲስ ቅብ ያየ ሰው ከሥሩ ምን ተደበቀ ይላል። ይልቅ በግራ በኩል ከሲሊንደሩ ግርጌ ያለውን የሞተር ቁጥርና መሪው አንገት ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ያጽዱና ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ያመሳክሩ። በጨርቅ ብቻ፤ የብረት ብሩሽ አያስነኩት፣ የተፋቀ ቁጥር የተቀየረ ይመስላል።

ልንዳው ካለ ሙሉው ገንዘብ መጀመሪያ እጅዎ ይግባ። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ መሆኑንም ሳይነዳ ይንገሩት፤ ዘመናዊ ሞተር ሳይክል የለመደ ሰው ሲደነግጥ ፍሬን ብሎ የሚረግጠው ማርሹን ነው።