ለመጥፎ ሽታ የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ለጥራት ተቆጣጣሪዋ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነሽ ተቀጥረሻል፤ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጨርቁም ሸተተ ካርቶኑም ሸተተ፣ አንቺ ግን ከ«ባድ ስሜል» ሌላ የምትጽፊው ቃል አጥተሻል። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ። መዝገበ ቃላት ብትከፍቺ ደርዘን ቃል ታገኛለሽ፤ ሁሉንም «መጥፎ ሽታ» ብሎ ስለሚፈታው ግን ከነበርሽበት ፈቀቅ አያደርግሽም። እኔ እዚያው ኮምቦልቻ በቆዳ ፋብሪካ ላብራቶሪ ለዓመታት ስለሠራሁ ቃላቱን የለመድኳቸው ከነሽታቸው ነው። እንደማውቀው ልንገርሽ።

እነዚህ ቃላት የሚለያዩት አንዱ ከሌላው ስለሚብስ አይደለም። አብዛኞቹ የሚናገሩት ዕቃው ምን እንደ ሆነ ነው። ተቃጠለ? ረጥቦ ሻገተ? ስቡ ተበላሸ? ሥጋው ፈረሰ? መጀመሪያ ይህን ራስሽን ጠይቂ፤ ቃሉ ተከትሎ ይመጣል።

«ፐንጀንት» እኛ «ይሰነፍጣል» የምንለው ነው። ሥሩ በላቲን «መውጋት» ማለት ሲሆን፣ አፍንጫን ወግቶ ዓይንን ለሚያስለቅስ ሽታ ሁሉ ይውላል። የግድ መጥፎ መሆን የለበትም፤ በርበሬ ሲታመስ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ኮምጣጤ ሲከፈት ቃሉ ይኸው ነው። በእኛ ፋብሪካ ኖራውን ከቆዳው ለማስወጣት አሞኒየም ሰልፌት ሲጨመር የሚነሣው አሞኒያ ከሁሉ የባሰው ነበር። አንቺ ዘንድ ደግሞ እንዳይጨማደድ በኬሚካል የታከመ ጨርቅ ጥቅሉ ሲፈታ ዓይንሽን ከቆጠቆጠሽ፣ ከማጠናቀቂያው ኬሚካል የቀረ ፎርማልዴሃይድ ሊሆን ስለሚችል «ፐንጀንት» ብለሽ ጻፊ። «ባድ» ብትዪው ጨርቁን መልሰው ያጥቡት ይሆናል፤ «ፐንጀንት» ብትዪው ግን ኬሚካሉን ለማስመርመር ይነሣሉ።

«አክሪድ» የዚህ ታናሽ እህት ናት፤ መውጋቱ ላይ ምሬት ትጨምራለች፤ ጉሮሮንም ትከረክራለች። ብዙ ጊዜ ጭስ አብሯት አለ፦ የተቃጠለ ጎማ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ የጋለ የሞተር ቀበቶ። በሪፖርትሽ ላይ ይህን ቃል ያየ የጥገና ባለሙያ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሽቦውና ወደ ሞተሩ ነው። ስለዚህ ያልተቃጠለ ነገር ላይ አትጠቀሚበት።

ለሥራሽ ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ግን «መስቲ» ነው ብዬ አምናለሁ። ደሴ ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሲሰነብት፣ ሳጥን ውስጥ የቆየው ጋቢ ሲወጣ እምክ እምክ የሚለው ሽታ እርሱ ነው። እርጥበትና ሻጋታ የሌለበት «መስቲ» የለም። ልብስ በደንብ ሳይደርቅ በላስቲክ ከታሸገ፣ በጂቡቲ ሙቀት በኮንቴይነር ውስጥ ሰንብቶ፣ ደንበኛው ካርቶኑን ሲከፍት ይህ ሽታ ይቀበለዋል። ቃሉን ቀድመሽ ከጻፍሽ ግን የእርጥበት መለኪያው ይመጣል፣ ካርቶኖቹ ይከፈታሉ፣ ዕቃው ከአገር ሳይወጣ ይድናል። ከ«መስቲ» ጋር የሚምታታው «ስቴል» ነው፤ እርሱ ለቆየ ዳቦና መስኮቱ ሳይከፈት ለሰነበተ ክፍል አየር የሚሆን ቃል ስለሆነ ሻጋታ አይጠይቅም።

«ራንሲድ» የስብ ብቻ ነው። የከረመ ቅቤ፣ የቆየ የኑግ ዘይት፣ ብዙ የተቀመጠ የተፈጨ ሰሊጥ። ስቡ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይበላሻል፤ ከቅቤ ደግሞ ቡቲሪክ አሲድ ይወጣል፣ የአሲዱም ስም የመጣው ከቅቤ ነው። አንድ ሪፖርት ላይ የስፌት ማሽን ዘይት የነካው ጨርቅ «ራንሲድ» ተብሎ አይቻለሁ። የማሽን ዘይት ማዕድናዊ ስለሆነ እንደ ቅቤ አይበላሽም፤ የዘይት ሽታ አለው ማለት ይበቃል።

«ፒዩትሪድ» ለሥጋና ለቆዳ መበስበስ ነው፤ እኛ ይጠነባል የምንለው። ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች፣ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ ከደሴ የሐረጎን ተራራ ወርዶ የሚመጣ ጨው ያልተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ ታች ሙቀቱ ሲያገኘው ቶሎ ይፈርሳል። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ሲያፈርስ ከሚወጡት ውስጥ ሁለቱ ፒዩትረሲንና ካዳቨሪን ይባላሉ፤ ሁለተኛው ስሙን ያገኘው ከሬሳ ነው። «ፌቲድ» ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ግን ለቆመ ውኃ፣ ለተዘጋ ቱቦ፣ ላመረቀዘ ቁስል፣ ለአፍ ጠረንም ይሆናል። አንቺ የፍሳሽ ማጣሪያው አካባቢ ያስፈልግሽ ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር በጥንቃቄ አንብቢልኝ፤ ይህ ከቋንቋ ያልፋል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታን እንግሊዝኛው በአንድ ቃል አይጠራውም፤ «ሮተን ኤግ» ይለዋል። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ፀጉሩ የሚለቀው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ያ ውኃ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ሰው ይገድላል። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረባችን ለውጭ አገር ባለሙያ ስልክ ደውሎ «ባድ ስሜል» አለ። ሰውዬው ሌላ ምንም ሳይጠይቅ «አሞኒያ ነው ወይስ ሮተን ኤግ?» አለው። ሁለተኛው መሆኑን ሲሰማ ሰዎቹን ሁሉ ወዲያው አስወጡ አለ። ቃሉ ያን ያህል ክብደት አለው። አፍንጫ ይህን ጋዝ ከሚሊዮን አንድ እጅ በታች ሆኖ እንኳ ይለየዋል፤ ከሚሊዮን ወደ መቶ እጅ ሲደርስ ግን ማሽተቱን ያቆማል። ስለዚህ ሽታው «ጠፋ» ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። የፍሳሽ ጉድጓድ ባለበት ፋብሪካ ሁሉ ይህ ይሠራል፣ የልብስ ፋብሪካም ቢሆን።

«ስቲንክ»፣ «ስቴንች» እና «ሪክ» የስሜት ቃላት ናቸው። «ስቲንክ» ስምም ግሥም ይሆናል፤ ለቤት ወሬ እንጂ ለሪፖርት ሻካራ ነው። «ስቴንች» ስም ብቻ ነው፣ ከበድ ይላል፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ለጥሩም ሽታ ይውል እንደ ነበር ሳውቅ በጣም ገርሞኛል። «ሪክ» ድሮ መጨስ ማለት ነበር፤ የስኮትላንዷ ከተማ ኤድንብራ በጭሷ የተነሣ «ኦልድ ሪኪ» የምትባለው ለዚህ ነው። ዛሬ «ኦፍ» አስከትሎ አንድ ነገር ምን ምን እንደሚሸት ይናገራል። ሦስቱንም ለይተሽ እወቂያቸው፣ ሪፖርት ላይ ግን ተዪያቸው።

ለሪፖርት የሚሆነው ስም «ኦደር» ነው። ራሱ አይሳደብም፤ ፊቱ ላይ የምታስቀምጪው ቅጽል ሥራውን ይሠራል፦ «ኤ መስቲ ኦደር»፣ «ኤ ፐንጀንት ኦደር»። «ስትሮንግ» ወይም «ፌንት» ብለሽ መጠኑን ጨምሪ፤ ከየትኛው ካርቶን፣ በስንት ሰዓት፣ ማሸጊያው ሲከፈት ወይስ ከመከፈቱ በፊት የሚለውን አስከትዪ። «ናክሸስ» የሚለውን ግን ስለሚያምር ብቻ አትጻፊ። ጎጂ ማለት ነው፤ የደኅንነት ክፍሉ ለክቶ ሳያረጋግጥ እንዲህ ያለ ቃል በፊርማሽ አይውጣ።

ስታሸቺም አፍንጫሽን ዕቃው ላይ አትድፊ፤ ራቅ ብለሽ አየሩን በእጅሽ ወደ ራስሽ ግፊው። ቃሉ ከጠፋብሽ ወይም በሁለት ቃል መካከል ከተጠራጠርሽ ደግሞ ምን እንደሚመስል ጻፊ፦ «ኢት ስሜልስ ላይክ በርንት ረበር»፣ «ላይክ ቪኒገር»፣ «ላይክ ፊሽ»። ባለሙያዎቹም የሚጽፉት እንዲሁ ነው። በተለይ የዓሣ ሽታ ያለው ጨርቅ ከገጠመሽ ሳታፍሪ «ፊሺ» በዪው፤ አሚን የሚባሉ ኬሚካሎች ጨርቁ ላይ ሲቀሩ የሚያመጡት የታወቀ ችግር ስለሆነ የማቅለሚያና የማጠናቀቂያ ክፍሉ ወዲያው ይረዳሻል።