የጊታር አካል በሲኤንሲ ለማስቆረጥ ላሰቡት ወንድማችን

ጠያቂው ወንድማችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከውጭ የመጣላቸው የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት በእጃቸው አለ፤ አካሉን ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ በርና የአልጋ ራስጌ በሚቀርጽ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከዋንዛ በሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር እየተመራ በሚቆርጥ ማሽን) ማስቆረጥ ይፈልጋሉ። ኦፕሬተሩ «ፋይሉን ብቻ አምጣ» ስላላቸው ከኢንተርኔት ያወረዱትን ስዕል ይዘው ቢሄዱ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቃሉ። አይበቃም። እስካሁን አራት አካሎች በዚሁ ዓይነት ማሽን አስቆርጫለሁ፤ የመጀመሪያው ዛሬም ክር ሳይገባበት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ የምጽፍልዎም በአብዛኛው እሱ ያስተማረኝን ነው።

በመጀመሪያ አንገትዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። በአራት ብሎን የሚታሰር ከሆነ ሥራው ይቀልልዎታል። ይህን አሠራር ያስፋፋው የካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር ነው፤ ራሱ ጊታር የማይጫወት፣ ሬዲዮ በመጠገን ሥራ የጀመረ ሰው ነበርና ጊታሩን ያሰበው እንደ ሙዚቀኛ ሳይሆን እንደ አምራች ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር አካሉ ውፍረቱ 44.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ጣውላ ሲሆን፣ ጉድጓዶቹ በአብዛኛው ከፊትና ከኋላ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ናቸው፤ ስለዚህ ለበር ተብሎ የመጣ ማሽንም ያለ ችግር ይቆርጠዋል። የጊብሰን ሌስ ፖል ዓይነት አካል ግን ፊቱ ጎበጥ ያለ፣ አንገቱም በኮላ የሚጣበቅና በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ የሚያዘነብል ስለሆነ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም።

ከኢንተርኔት የሚወርደው ስዕል ሌላ ሰው ለሌላ አንገት የሣለው ነው። የእርስዎ ስዕል መነሳት ያለበት በእጅዎ ካለው አንገት ነው። ክሮቹ ከመቃኛው ወርደው ከሚያርፉበት ነት ጀምረው እስከ 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ፊት ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች 12ኛው) ድረስ ይለኩና በሁለት ያባዙት፤ የክሩ ሙሉ ርዝመት ይህ ነው። 324 ሚሊ ሜትር ካገኙ ርዝመቱ 648 ነው፣ ማለትም የፌንደር ልክ ነው፤ 314 ካገኙ ደግሞ 628፣ የጊብሰን ልክ። ቀጥሎ ከ12ኛው ፍሬት እስከ አንገቱ ግርጌ ጫፍ ይለኩ። ለምሳሌ 138 ቢሆን፣ ከ324 ላይ ሲቀነስ 186 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ ከአንገት ማረፊያው (አንገቱ ከሚገባበት የአካሉ ጉድጓድ) የውስጥ ግድግዳ እስከ ቀጭኑ ክር ሳድል (አካሉ ላይ በሚታሰረው ብሪጅ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ) ድረስ መኖር ያለበት ርቀት ይኸው ነው። ወፍራሞቹ ክሮች ቃናቸው እንዲስተካከል ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይኖርባቸዋልና፣ ብሪጁን ሲያስቀምጡ ሳድሎቹ ወደ ኋላ የሚሸሹበት ቦታ እንዲተርፋቸው ያድርጉ። የማረፊያው ጥልቀትም እንዲሁ ከአንገቱ ይወሰዳል። የፌንደር አንገት ግርጌው 25.4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ማረፊያው 15.9 ይጠልቃል፣ ከአካሉ በላይ 9.5 ያህል ይቀራል፤ ብሪጆቹም የሚሠሩት ይህን ከፍታ ታሳቢ አድርገው ነው። የእርስዎ ግርጌ 24 ብቻ ከሆነ ማረፊያውን ወደ 14.5 ማሳነስ አለብዎ።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ቦታ የማረፊያው ስፋት ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ግርጌው ሲያዩት አራት ማዕዘን ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ነቱ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ስለዚህ በካሊፐር ጫፉ ላይም፣ ከጫፉ 60 ሚሊ ሜትር ገባ ብለውም ለየብቻ ይለኩት። የእኔ የመጀመሪያው ማረፊያ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፍቶ ነበር፤ በእጄ ስነቀንቀው እምብዛም የማይሰማ ልልነት ነው። ነገር ግን ማረፊያው 76 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም ያ ክፍተት አንገቱን ወደ ግማሽ ዲግሪ ያህል እንዲያጋድል ይፈቅድለታል፤ ግማሽ ዲግሪ ማለት ደግሞ ብሪጁ ላይ ሲደርስ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል መሳት ነው። ቀጭኑ ክር ከፍሬቶቹ ጠርዝ እየተንሸራተተ ወደ ውጭ ይወድቅ ነበር። አሁን በሁለቱም በኩል ተደምሮ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት አልተውም። ይህ እንዲሳካ የፑንታውን (የማሽኑን መቁረጫ) ትክክለኛ ውፍረት ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ስድስት» ተብሎ የሚሸጠው ፑንታ ሲለካ 5.9 የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ኦፕሬተሩ ሶፍትዌሩ ላይ 6 ብሎ ከጻፈ ማረፊያው በ0.1 ይጠብባል። በተጨማሪም 6 ሚሊ ሜትር ፑንታ የውስጥ ማዕዘንን ሹል አድርጎ መቁረጥ አይችልም፤ ሬዲየሱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ማዕዘን ይተዋል፤ የአንገትዎ ግርጌ ማዕዘኑ ሹል ከሆነ በመሮ ማጥራት ይጠብቅዎታል። ከሁሉ በፊት ማረፊያውን ብቻ በቁራጭ ኤም.ዲ.ኤፍ ላይ አስቆርጠው አንገቱን ያስገቡበት። ቁራጩን በአንገቱ ይዘው ከፍ ሲያደርጉት፣ ያለ ብሎን፣ ሳይወድቅ ቢንጠለጠል ልኩ ደርሷል ማለት ነው።

ስለ እንጨቱ፦ ዋንዛ መልካም ምርጫ ነው። ከበሮ የሚፈለፈልበት እንጨት ነው፤ ቀላል ነው፣ በፑንታ ሥር በንጽሕና ይቆረጣል። ድምፁን በተመለከተ ሲከራከሩ የሚውሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከእንጨቱ ይልቅ ከፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ክፍል) እና ከክሩ ይመጣል ብዬ ስለማምን በዚህ አልዘገይም። የሚያሳስበኝ እርጥበቱ ነው። ሻጩ «ደረቅ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ጣውላ ከተላገ ከሁለት ሳምንት በኋላ 1.5 ሚሊ ሜትር ጎብጦ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እንጨቱን ገዝቼ ቤት ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጥና በየሳምንቱ በሚዛን እመዝነዋለሁ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ሥራ እጀምራለሁ። በክረምት የተገዛ ከሆነ ቢያንስ እስከ ጥቅምትና ኅዳር መታገሥ ነው። የሚፈልጉት መጠን 500 በ350 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህን የሚያህል ወርድ በአንድ ጣውላ ስለማይገኝ ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ በኮላ ይጣበቃል። መጋጠሚያው በአካሉ መሐል መስመር ላይ ቢውል ለዓይንም ለልኬትም ይመቻል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ስዕሉን በዲ.ኤክስ.ኤፍ የፋይል ዓይነት፣ በሚሊ ሜትር፣ መስመሮቹ ሁሉ የተዘጉ ሆነው ያቅርቡ። በኢንች የተሣለ ስዕል በሚሊ ሜትር ሲከፈት ከክብሪት ሣጥን ያንሳልና ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፤ የሚጎዳው ከፎቶ ተገልብጦ በሦስት በመቶ ያነሰው ነው፤ እሱን ዓይን አይለየውም። ብዙዎቹ ሥራ ቤቶች አሁንም የሚሠሩት ስዕሉን ወደ ማሽኑ ትእዛዝ በሚቀይረው አርትካም በተባለ ሶፍትዌር ነው፤ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ቢያቆመውም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ኦፕሬተሩ አጠገብ ቁጭ ብለው 648ንና 186ን ስክሪኑ ላይ አብረው ይለኩ። በዚህ የሚቀየም ባለሙያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን አካል ያበላሸው ግን ከማረፊያው ልልነት ይልቅ ዜሮው፣ ማለትም ማሽኑ ልኬቱን ሁሉ የሚጀምርበት ነጥብ ነው። የጊታር አካል ብዙ ጊዜ ከሁለት ፊት ይቆረጣል፦ ማረፊያውና የፒክአፕ ጉድጓዶቹ ከፊት፣ የሽቦና የመቆጣጠሪያ ጉድጓዱ ከኋላ። በር የሚሠራ ሰው ደግሞ ከአንድ ፊት መቁረጥ ስለለመደ ዜሮውን ከጣውላው ማዕዘን ይወስዳል። የእኔም እንዲሁ ተደረገ፤ የፊቱ አለቀ፣ ጣውላው ተገለበጠ፣ ዜሮው ከሌላኛው ማዕዘን ተወሰደ። ጣውላዬ በትክክል ማዕዘን የጠበቀ ስላልነበረ የኋላው ሥራ በሙሉ በ3 ሚሊ ሜትር ሸሸ፤ ከአራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ሁለቱ ወደ ማረፊያው ግድግዳ ተጠጉ። ሥራ ቤቱን አልወቅስም፤ የጠየቅሁትን ነው የሠራልኝ።

መፍትሔው ሁለት ችንካር ነው። ከአካሉ ቅርጽ ውጭ በሚጣለው የእንጨቱ ክፍል፣ በመሐል መስመሩ ላይ፣ አንዱን ከአንገቱ በኩል አንዱን ከብሪጁ በኩል፣ 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ማሽኑ ራሱ እንዲበሳ ያድርጉ፤ ቀዳዳዎቹ እንጨቱን አልፈው ከሥር ወደ ተነጠፈው ኤም.ዲ.ኤፍ 10 ሚሊ ሜትር ይግቡ። በውስጣቸው በልኩ የተሠራ ድፍን የእንጨት ችንካር ይገባል። ዜሮው የአንዱ ችንካር መሐል ነው፤ ሥራው እስኪያልቅ አይነካም። ጣውላውን በመሐል መስመሩ ዙሪያ ሲገለብጡት ቀዳዳዎቹ እነዚያው ችንካሮች ላይ ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ጣውላው ማዕዘኑን ጠበቀም አልጠበቀም ለውጥ የለውም። የከፍታውንም ዜሮ ከእንጨቱ ፊት ሳይሆን ከተነጠፈው ኤም.ዲ.ኤፍ ያስወስዱ፤ ኤም.ዲ.ኤፉንም አስቀድሞ ማሽኑ ራሱ ይላገው። ጣውላውን ከሁለቱም ፊት በማሽኑ አስልገው 44.5 ላይ ካደረሱ በኋላ የማረፊያው 15.9 በእርግጥም 15.9 ይሆናል።

ችንካሮቹ ሌላም ጥቅም አላቸው። ሦስተኛውን አካል በምናስቆርጥበት ቀን የፒክአፑ ጉድጓድ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ኃይል ሲያጣ የነበረበትን ቦታ ይረሳል፤ መብራት ሲመለስ የት እንደቆመ አያውቅም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ኦፕሬተሩ የችንካሩን መሐል ፈልጎ ዜሮውን መለሰና ሥራው ከቆመበት ቀጠለ፤ ጉድጓዱ ላይ የመጋጠሚያ ምልክት እንኳ አልታየም። ዜሮው ከማዕዘን ተወስዶ ቢሆን ኖሮ፣ ማዕዘኑ በዚያን ጊዜ ተቆርጦ ወድቆ ነበር።

ስለ ፍጥነት፦ ባለ ሁለት ስለት 6 ሚሊ ሜትር የካርባይድ ፑንታ በደቂቃ 18,000 ዙር እየዞረ በደቂቃ 2,700 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ፣ እያንዳንዱ ስለት 0.075 ሚሊ ሜትር ይላጫል፤ ለዋንዛ ተስማሚ ነው። ኦፕሬተሮች እንጨቱን ለመጠንቀቅ ብለው ጉዞውን ሲያዘገዩት ፑንታው መቁረጡን ትቶ ይፈትጋል፤ ጠርዙም ጠቁሮ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ አይውረድ። ዙሪያውን ከአንድ ፊት 44.5 ለማውረድ ረጅም ፑንታ ያስፈልጋል፤ ረጅም ቀጭን ፑንታ ደግሞ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ከፊት 23፣ ከኋላ የቀረውን መቁረጥ ይሻላል፤ በችንካሮቹ ምክንያት ሁለቱ ይገናኛሉ። አካሉ እንዳይፈናጠር አራት ቦታ 8 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ፣ ከሚጣለው እንጨት ጋር የሚያያይዙት ድልድዮች ይተዉ። ከቀንዶቹ (በአንገቱ ግራና ቀኝ ወጣ ካሉት የአካሉ ክፍሎች) ጫፍ ያርቋቸው፤ በዚያ በኩል ቃጫው አቋርጦ ስለሚወጣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። በሁለተኛው አካሌ ከታችኛው ቀንድ አውራ ጣት የሚያህል ስንጣሪ ተነሥቶ በኮላ መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ ዛሬም ቫርኒሹ ሥር ይታያል። አሁን በመጀመሪያው ዙር 0.5 ሚሊ ሜትር አስተርፌ፣ የመጨረሻውን ዙር ፑንታው ወደ ሌላኛው አቅጣጫ፣ ማለትም ስለቱ ከውጭ ወደ ውስጥ እየገባ እንዲሄድ አደርጋለሁ።

የሆድና የክንድ ማረፊያውን ተዳፋት ማሽኑ በክብ ጫፍ ፑንታ ሊሠራው ይችላል፤ ግን ጊዜ ይበላል፣ የሚከፈለውም በሰዓት ነው። በሞረድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ከዚያም ከ80 እስከ 320 ብርጭቆ ወረቀት ይከተላል። ቫርኒሽ ሲቀቡ የአንገቱን ማረፊያ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ አለዚያ ያንን 0.15 ቀለሙ ይሞላውና አንገቱ አይገባም።

ወደ ሥራ ቤቱ ሲሄዱ ፍላሽ ብቻ ይዘው እንዳይሄዱ፤ አንገቱን፣ ብሪጁንና ፒክአፖቹን በከረጢት ይያዙ። የአንገትዎን ርዝመት፣ የግርጌውን ሁለት ስፋቶችና ውፍረቱን ለክተው እዚህ ቢጽፉልኝ ስዕሉን ከማስቆረጥዎ በፊት አይቼ አስተያየቴን እሰጥዎታለሁ።