የጥር ብርድ፦ ጎንደርና ደባርቅ ለሚሰነብቱ

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ከልጆቼ ጋር ከአዳማ ወደ ጎንደር እንመጣለን። በዓሉ ሲያልፍ ደባርቅ ሦስት ሌሊት እናድራለን። ብርዱ እንዴት ነው? ምን እንያዝ?

መልስ፦ የሁለቱ ከተሞች ብርድ አንድ አይደለም። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ጥር ላይ ዝናብ እምብዛም የለም። ጎንደር ቀን ቀን ሸሚዝ ይበቃል።

አስቸጋሪው ሌሊቱ ነው። ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ትለቃለች፤ ስለዚህ ብርዱ የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ከንጋቱ 11 እስከ 1 ሰዓት ነው። ይህ ደግሞ ሕዝቡ ፋሲለደስ መጠመቂያ የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው! ጠበሉ ሲረጭ ልጆቹ መራሳቸው አይቀርም። ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ ካልሲ ሳይቀር፣ ከፎጣ ጋር በፌስታል ጠቅልለው ይያዙ።

ደባርቅ ላይ ንጋት ላይ ውርጭ ሊያጋጥም ይችላል፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ በተለይ ረባዳው ቦታ ይበረታል። ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ስስ ሹራብ፣ በላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይሻላል። በላብ የራሰ የጥጥ ካናቴራ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነት ያቀዘቅዛል፤ ሳይመሽ ይቀየር። ቀን ላይ ፀሐዩ ቆዳ ስለሚልጥ ባርኔጣ አይርሱ። ለማታ ጋቢ ይያዙ።

አደራ፣ የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አያስገቡ። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።