አፑ «ሌላ ቦታ አታርክሺ» ሲል

እህቴ፣ «ቴሌግራም ላይ፣ ዕቃችንን ከምንሸጥበት አፕ በ200 ብር ቀንሼ ስለለጠፍኩ ዕቃዬን ከፍለጋ ደበቁብኝ፤ መብታቸው ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በኔም የደረሰ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም። መርካቶ (የኛው የጅማው፣ የአዲስ አበባው አይደለም) በርጩማና ረከቦት የምሸጥ ሰው ነኝ።

እኔ አፑ ላይ ስገባ ኮሚሽኑ 15 በመቶ ነበር። 2,000 ብር የሚሸጥ በርጩማ 300ው ለነሱ፣ 1,700ው ለኔ ማለት ነው። ሱቅ ድረስ ለሚመጣ ደንበኛ በ1,800 ብሸጥለት እሱ 200 ይተርፈዋል፣ እኔም 100 እጨምራለሁ። ውሉ ግን የትም ቦታ ከ2,000 በታች አትሽጥ ይላል። ቆይተው ኮሚሽኑን 20 በመቶ አደረጉት። ያቺኑ 1,700 ለማግኘት ዋጋዬን 2,125 ማድረግ ነበረብኝ፤ አፑ ላይ ብቻ ሳይሆን ሱቄም ውስጥ። ስማርት ስልክ በእጁ ይዞ የማያውቅ፣ ከቆጪ ሰፈር በእግሩ የመጣ ሰው የአፑን ኮሚሽን ከፈለ! ነገ 5 በመቶ ብቻ የሚቆርጥ አዲስ አፕ ቢመጣ ደግሞ እሱም ጋ አርክሼ መሸጥ ስለማልችል ገዢ የሚስብበት ነገር የለውም። ክፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የኔ 200 ብር ትንሹ ነገር ነው።

ውጭ አገር ይህ አዲስ ጸብ አይደለም። አማዞን እንዲህ ያለውን ግዴታ አውሮፓ ውስጥ በ2013 (በፈረንጅ) የተወው የጀርመንና የእንግሊዝ የውድድር ባለሥልጣናት ሲመረምሩት ነው። በ2022 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያ ሕግም ትልልቆቹን የኢንተርኔት ኩባንያዎች ይህንኑ ከልክሏቸዋል።

ወደኛ ስንመጣ፣ ያኔ የያዝኩት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ነበር። ሁለት በር አለው። አንዱ የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም ነው፤ ለዚህ ግን አፑ ገበያውን በእጁ የያዘ መሆኑ መታየት አለበት። ሰው ሁሉ በቴሌግራም በሚሸጥበት አገር «የበላይ ነው» ማለት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው አንቀጽ 7 ነው፦ በአቅራቢና በሻጭ ዓይነት ግንኙነት የሚደረግ ስምምነት ውድድርን ጉልህ በሆነ መልኩ ከቀነሰ ይከለከላል፤ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ማስረዳት የነሱ ፋንታ ነው። እኔ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ግን ኮሜንት ላይ «ሁላችንም በርጩማ ሻጮች በአንድ ዋጋ እንስማማና እናስገድዳቸው» ያላችሁ ወንድሞች ተጠንቀቁ። ተፎካካሪ ነጋዴዎች ተጠራርተው ዋጋ ሲወስኑ ያው አንቀጽ 7 በቀጥታ ይከለክላል፤ «ለበጎ ነው» ቢሉት አያድንም። ከአፑ ጥፋት የናንተው ሊከብድ ነው። አንድ ላይ አቤቱታ መጻፍ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አድርጉ።

እኔ መጀመሪያ ለአፑ ሰዎች ደወልኩ። «ሲስተሙ ነው» አሉኝ። (ሲስተም የሚባል ሰው ቢኖር ስንት ክስ ይኖርበት ነበር!) ከዚያ በኋላ መደወል ትቼ በጽሑፍ ብቻ፦ የትኛው የውል ቁጥር ነው የተጣሰው? ማን ወሰነ? አልኩ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም ስለሚል ሁሉንም አስቀመጥኩ። ዕቃዬ ከመደበቁ በፊትና በኋላ ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየውን ቁጥር ፎቶ አነሳሁ። ይህን አዋጅ ያስፈጽም የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ በ2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለተዛወረ አቤቱታውን ለዚያ አዘጋጅቼ ረቂቁን ለአፑ ሰዎች ላክሁ። በ11ኛው ቀን ዕቃዬ ተመልሶ ታየ። ይቅርታም ማብራሪያም የለም።

እስከዚያው ያተረፈኝ ሌላ ዘዴ ነው። አፑ ላይ ትንሹን ባለ ሦስት እግር ብቻ ተውኩ፤ ስም የሚቀረጽበትንና በትእዛዝ የሚሠራውን ወደ ቴሌግራም አወጣሁ። ዕቃው አንድ ካልሆነ ዋጋ የሚያወዳድሩበት የላቸውም።

ስለዚህ ውልሽ «ተመሳሳይ ዕቃ» ነው የሚለው ወይስ «ማንኛውም ዕቃሽ»? ያቺን ገጽ ስምሽንና ስልክሽን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊልኝ።