ምክር ለዲያስፖራው፦ ክኒንህን መድረክ ላይ አትወርውር

አሜሪካ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እሑድ ፓስተር ነኝ። በሥራ ቀን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕብረተሰብ ጤና አስተምራለሁ፣ ምርምርም እሠራለሁ። ሁለቱን እንዴት አቻቻልካቸው ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ዓመት አላቻቻልኳቸውም፤ እሑድ ሲሆን የጤናውን ሥራ ከኮቴ ጋር በር ላይ ሰቅዬ ነበር የምገባው። አዲስ ለመጣችሁም ለከረማችሁም የምለው አለኝ። ቆጣ ካልኩ ቻሉኝ።

1. ወረቀት

ዜግነት ያላገኛችሁ አድራሻ በቀየራችሁ በአሥር ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። የምትልኩትን ሁሉ ኮፒ አስቀሩ። ሌላውን ጠበቃ ይንገራችሁ።

2. ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ገብታችሁ "በል ንገረው" የምትሉ፣ ኧረ ተዉ! የልጁ አማርኛ "ና ብላ፣ ጫማህን አውልቅ" ላይ ነው የሚያልቀው። እናቱ "ልቤን አመመኝ" ስትል ጨጓራዋን ይሁን ልቧን በምን ይወቀው? እኛስ ራሳችን መች ለይተን እንናገራለን? የማኅፀን ነገር ሲመጣ ደግሞ በልጇ ፊት ጭራሽ አታነሳውም። አስተርጓሚ እኮ በነፃ ነው። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት በስልክም ሆነ በአካል የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲማ በ2004 የቋንቋ ሕግ አውጥታለች፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር" በሉ። ሁለት ቃል ነው፣ አያሳፍርም።

3. ክኒኑ

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አንድ ወንድም ለምስክርነት መድረክ ላይ ወጣ። የታክሲ ሹፌር ነው፣ ስኳር አለበት። "ጌታ ፈውሶኛል!" አለና ከኪሱ የክኒኑን ዕቃ አወጣ፤ ያቺን ብርቱካናማዋን፣ ነጭ ክዳን ያላትን። ማይኩ አጠገብ አንቀጫቀጫት። የክኒኑ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ መሬት ላይ ወረወራት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

ማይኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሃሌሉያ ያልኩትም እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ለተማሪዎቼ ኤዋንሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ሳስተምር ነበር፤ የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ ያሳያል፣ 6.5 በመቶ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። ቀስ ብዬ ጠጋ ብዬ "ወንድሜ፣ ምርመራው ስንት አለ?" ማለት አቃተኝ። ፓስተሩ እምነት የለውም እንዳልባል ፈራሁ። በቃ ፈራሁ።

ዛሬ ያ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ያሳጥባል። አንዴ ከተቀመጠ አራት ሰዓት ገደማ ወንበሩ ላይ ነው። ታክሲውን ሸጧል። አንድ ማክሰኞ አጠገቡ ቁጭ ብዬ "ይቅር በለኝ" አልኩት። "ተዉ እንጂ ፓስተር፣ እርስዎ ምን አደረጉኝ?" አለኝ። ምንም አላደረግኩም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ጥቅስ ለምትጠቅሱልኝ እኔም ልጥቀስ። 2ኛ ነገሥት 20 ላይ ሕዝቅያስ ታሞ አለቀሰ፣ እግዚአብሔርም በኢሳይያስ በኩል እፈውስሃለሁ አለው። ኢሳይያስ ያን ተናግሮ ዝም ብሎ አልሄደም፤ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጣ፣ እባጩ ላይ አደረጉለት። ንጉሡ "ቃል ተገብቶልኛል" ብሎ በለሱን አልወረወረም። ለኦርቶዶክስ ወገኖቼም፣ እንጦጦ ጸበል የገቡ ሰዎች የኤችአይቪ መድኃኒት እያቆሙ በተቸገርንበት ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አይጣሉም ብለው ነበር። ስለዚህ "ደኅና ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም" አትበሉኝ። ግፊት አይሰማም። ሄፓታይተስ ቢም ዓመታት ዝም ብሎ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው በልጅነቱ ነው የሚይዘው። አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ማንኛውም አዋቂ በዕድሜው ቢያንስ አንዴ እንዲመረመር ይመከራል። ሐኪማችሁ ካላነሳው እናንተ አንሱት። ክኒን ይቁም የሚለው ደግሞ ምርመራውን ያየ ሐኪም ነው፤ እኔም አይደለሁም፣ ነቢይም አይደለም።

4. ፓስተራችሁ መጠይቅ ይዞ ከመጣ

እምቢ ማለት ትችላላችሁ። እኔ የራሴን ምእመናን ለጥናት መጠየቅ ትቻለሁ፤ ፓስተር ሲጠይቅ እምቢ የሚል የለማ! አንድ እናት "ክኒንዎን በየቀኑ ይወስዳሉ?" ስላቸው "አንተ ደስ የሚልህን ሙላበት ልጄ" አሉኝ። የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት ላድርግ?

በመጨረሻ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን የደም ግፊት መለኪያው ምድር ቤት፣ ከቡናው አጠገብ ነው። ከቡና በፊት ተለኩ፤ ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጀርባችሁን አስደግፉ፣ ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ፣ እግራችሁን አታነባብሩ። እየተለካችሁ አታውሩ፣ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እስካሁን ያስቸገረችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት።