ቀዝቃዛው ይዘንባል፣ ሙቁ ያንጠባጥባል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመታጠቢያ ቤታችን ቀዝቃዛ ውሃ ደህና ነው። ሙቁን ስከፍተው ግን እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። ሙቀቱ ምንም አይልም፣ እንዲያውም ያቃጥላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ከወር በፊት ውሃ አራት ቀን ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ነው። አንዱ ባለሙያ «ግፊት የለውም፣ ፓምፕ ግዙ» አለን፤ ሌላው ደግሞ «ቦይለሩ አርጅቷል፣ ቀይሩት»። ቦይለሩ ባለ 50 ሊትር ነው፣ ከገዛነው አምስት ዓመቱ። አሁን ልጆቼን የማጥባቸው በጆግ ሆኗል። ለፓምፑ ብር እያጠራቀምን ሳለን እስቲ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።
— ከጀሞ

መልስ፦ ልጄ፣ የፓምፑን ብር ለሌላ ቁም ነገር አስቀምጪው።

ቦይለር የራሱ ጉልበት የለውም። ሙቁን ገፍቶ የሚያስወጣው ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቧንቧውን ስትከፍቺ ሰማያዊ ቀለበት ባለበት በኩል ቀዝቃዛው ይገባል፣ የገባውን ያህል ሙቅ ደግሞ በቀዩ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ቀዝቃዛው ደህና ሆኖ ሙቁ ብቻ ሲቀጥን፣ ግፊት አልጠፋም፤ መንገድ ነው የጠበበው። ሁለቱም አብረው ቢቀጥኑ ኖሮ ስለ ፓምፕ እናወራ ነበር።

ደግሞ አራት ቀን ውሃ ጠፍቶ መምጣቱን ራስሽ ጽፈሽልኛል። ግማሹ መልስ እዚያው ነው። ባዶ የሰነበተ መስመር ውስጥ ውሃ ሲለቀቅ ዝገቱንም አሸዋውንም እየጠረገ ይመጣል። የመጀመሪያው ውሃ ምን መልክ እንዳለው በፈረቃ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ሻይ ነው የሚመስለው። ያ ሁሉ ሮቶ ውስጥ አይቀርም።

መጀመሪያ በጀሪካን ለኪው። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በቀዝቃዛው ስንት ደቂቃ እንደሚሞላ፣ በሙቁ ስንት እንደሚፈጅ ጻፊ። «ቀጠነ» ማለት ለሠራተኛ ምንም አይነግረውም፤ «ቀዝቃዛው በሦስት ደቂቃ፣ ሙቁ በአሥራ ሁለት» ካልሽው ግን ሊያወናብድሽ ይከብደዋል። ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያውን ሙቅ ክፈቺ። እዚያ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ሻወሩ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛውም በዚያው በሻወሩ ራስ ስለሚወጣ የታፈነው ራሱ አይደለም። የሚክሰሩ፣ ማለትም ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ፣ የሙቅ በኩል ይፈተሻል። የእጅ መታጠቢያውም ሙቅ ቀጭን ከሆነ ግን ወደ ቦይለሩ እንሂድ።

እዚህ ጋ በጥንቃቄ። ብሬከሩን አጥፊ። ቦይለሩ ላይ ያለችው መብራት ጠፋች ብለሽ እንዳትተማመኚ፣ ብሬከሩን ነው የምልሽ። ውሃው እስኪበርድ ጠብቂ፤ ማታ አጥፍተሽ ጠዋት ብትጀምሪ ይሻላል። የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጊና ሙቁን ቧንቧ ከፍተሽ ግፊቱን አስተንፍሺው። ከዚያ በቀዩ በኩል ያለውን ፍሌክሲብል (ተጣጣፊውን ቱቦ) ከቦይለሩ ፍቺ፣ ሥሩ ባልዲ ያዢ፣ የቀዝቃዛውን መግቢያ ቀስ እያልሽ መልሰሽ ክፈቺ። ከቦይለሩ አፍ ውሃው ገፍቶ ከወጣ ቦይለሩ ጤነኛ ነው፤ የታፈነው ከእሱ ወዲህ ነው። እዚያም እንደ ክር ከሆነ ጥፋቱ መግቢያው ላይ ነው። እኔ ያንቺን ከዚህ እጠብቀዋለሁ።

መግቢያው ላይ ጣት የምታህል ነገር አለች፤ ሴፍቲ ቫልቭ ይሏታል። ውስጧ በስፕሪንግ የምትገፋ ትንሽ ክዳን አለች፤ ውሃ ታስገባለች፣ ወደ ኋላ አትመልስም። ከሚክሰሩ በፊት አሸዋ የሚሰበሰብባት ጠባብ ቦታ ይህች ናት። የቀዝቃዛውን መግቢያ መልሰሽ ዝጊ፣ የቦይለሩን ውሃ በባልዲ ተቀበይ፤ ከዚያ ፈትተሽ ወደ ብርሃን አንሺያት፣ በካቻቢቴ ጫፍ ክዳኗን ቀስ ብለሽ ግፊያት፤ መመለስ አለባት። ከተጣበቀች ወይም አሸዋ ካንኮሻኮሸች ቀይሪያት። እንዲያው አውጥተሽ እንዳትጥያት ብቻ! እሷ ከሌለች ውሃ በጠፋ ቁጥር የቦይለሩ ውሃ ወደ መስመሩ ሊመለስ ይችላል፣ ማሞቂያው ደግሞ ባዶውን ይቃጠላል።

ሮቷችሁ ጣራ ላይ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቂ። ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ከሻወራችሁ በላይ 6 ሜትር ቢሆን 0.6 ባር ነው። ለመታጠብ ይበቃል፣ ትርፍ ግን የለውም፤ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነገር መንገዱ ላይ ከተጋረጠች ወዲያው ታሳብቃለች።

አንድ ጊዜ ጎፋ አንድ ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ለፍቻለሁ። ሚክሰሩን ቀየርኩ፣ ቫልቭ ቀየርኩ፣ ሙቁ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ፍሌክሲብሉን ስፈታው ጉሚኒዋ ከመጥበቅ ብዛት ወደ ውስጥ ተጨፍልቃ፣ ቀዳዳዋ ምስር አክላ አገኘኋት። ያንን ፍሌክሲብል ከሁለት ዓመት በፊት የገጠምኩት እኔው ነበርኩ። የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም። ስለዚህ መልሰሽ ስትገጥሚ በእጅ እስኪይዝ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል፤ ካላፈሰሰ በቃ።

የቧንቧው ብየዳ ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር፣ በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የውስጡ ቀዳዳ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የብየዳ ማሽኑ 260 ዲግሪ ላይ አምስት ሴኮንድ ይበቃዋል፤ በያጁ ስልክ እያወራ አሥራ አምስት ካቆየው የቀለጠው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ግን ያ ከመጀመሪያው ቀን የሚታይ ጥፋት ነው፤ ያንቺ ደህና ሰንብቶ ድንገት ነው የመጣው። ኖራም ቀስ እያለ ነው የሚያጠበው። ጥያቄው ከድሬዳዋ ቢመጣ ኖራ ነው እል ነበር፤ የዚያ አገር ማንቆርቆሪያ ይመሰክራል። (ድሬ ላይ ቦይለር የሚፈልግ ሰው ካለ ማለቴ ነው።)

ስትጨርሺ ብሬከሩን ከማብራትሽ በፊት ሙቁን ቧንቧ ከፍተሽ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠብቂ። ባዶ ቦይለር አይበራም።

ጥያቄ፦ ከሴፍቲ ቫልቩ ጎን ያለችው ቀጭን አፍ ቦይለሩ ሲሞቅ ታንጠባጥባለች፤ ወለሉ ሁሌ እርጥብ ነው። በቡሽ ብደፍናት ችግር አለው?
— ከአያት

መልስ፦ አለው፣ ወንድሜ። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሊትር ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ክዳኗ ዘግታበታለች፤ መውጫው ያቺ አፍ ብቻ ናት። ብትደፍናት ጋኑ ነው የሚወጠረው። ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሰክተህ ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ውሰዳት። ቦይለሩ ጠፍቶም ቀኑን ሙሉ ካንጠባጠበች ግን አሸዋ ነክሳለች። እጀታ ካላት ሁለት ሦስት ጊዜ አንስተህ ልቀቃት፤ እንቢ ካለች በአዲስ ቀይራት።