ጥያቄና መልስ፦ ከአንዱ ኮምፒውተር ሆኖ ሌላውን ማዘዝ ሲያቅት

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ሦስቱም ጥያቄዎች ከጅማ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሦስቱም ቦይንክን የሚመለከቱ ናቸው። ቦይንክ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሠራ፣ የግል ኮምፒውተሮችን ትርፍ ጉልበት ለሳይንስ ስሌት ለመለገስ የሚያስችል ነፃ ሶፍትዌር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በ2020 አዲስ ሥራ ማደል ያቆመው ሴቲ አት ሆም ይበልጥ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ዛሬ እንደ አይንስታይን አት ሆም ያሉ ፕሮጀክቶች ይሠሩበታል።

ጥያቄ፦ ሄርማታ ባለው ቤታችን አንድ ዴስክቶፕና አንድ ላፕቶፕ አሉን፤ ሁለቱም ዊንዶውስ ናቸው፤ የሚጠቀሙትም የአንድ ራውተር ዋይፋይ ነው። ዴስክቶፑ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ስላለ፣ ማታ እየገባሁ እንዳልቀሰቅሳቸው የቦይንክ ሥራውን ሳሎን ሆኜ በላፕቶፑ እከታተል ነበር። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ግን ማኔጀሩ (የቦይንክን ሥራ የሚያሳየውና የሚታዘዝበት መስኮት) መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ምንም የቀየርኩት ነገር የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይሠራ የነበረ ነገር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከቆመ፣ ቅንብሩን ከመነካካትዎ በፊት ዴስክቶፑ ራሱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይመልከቱ። ቦይንክ በተለመደው አጫጫን ዊንዶውስ ላይ ሥራ የሚጀምረው ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ዴስክቶፑ ተነሥቶ የመግቢያው ገጽ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ በርቷል እንጂ ቦይንክ አልተነሣም፤ ላፕቶፑ ቢጠራውም የሚመልስለት የለም። ኮምፒውተሩ እንቅልፍ ሁነታ ውስጥ ገብቶም ከሆነ ውጤቱ ያው ነው።

ቦይንክ እየሠራ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው አድራሻ ነው። ራውተር ለየኮምፒውተሩ የአይፒ አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ጠፍቶ ሲነሣ እንደገና ሊያድል ይችላል። ትናንት 192.168.1.4 የነበረው ዴስክቶፕ ዛሬ 192.168.1.7 ሆኖ ቢያገኙት አይግረምዎ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስተውለው አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ ማለትም ላፕቶፑ የሚጠራው የዴስክቶፑን የድሮ አድራሻ መሆኑን። ሌላው ወገን ግን እኩል ያስቸግራል፤ ዴስክቶፑ ላይ ያለው የተፈቀደላቸው ኮምፒውተሮች ዝርዝር የያዘው የላፕቶፑን አድራሻ ስለሆነ፣ የላፕቶፑም አድራሻ ከተለወጠ ዴስክቶፑ እንደማያውቀው ሰው ይመልሰዋል። በሁለቱም ላይ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብለው ይጻፉና የዛሬውን አድራሻ ከጻፉት ጋር ያመሳክሩ።

ከሁሉ በላይ የምመክርዎ ግን ዴስክቶፑ ላይ ሆነው የቦይንክን ኢቨንት ሎግ፣ ማለትም የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ዝርዝር፣ እንዲያነቡ ነው። ላፕቶፑ ከሞከረ በኋላ ሎጉ ካልተፈቀደለት አድራሻ ጥያቄ መጥቶ እንደነበር ከጻፈ፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ የጎደለው ፈቃድ ብቻ ነው። የመጣበትን አድራሻም እዚያው ይነግርዎታል። ሎጉ ምንም ካልጻፈ ደግሞ ጥሪው ጭራሽ አልደረሰም፤ ስለዚህ የተሳሳተ አድራሻ ጠርተዋል ወይም ፋየርዎሉ (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው መከላከያ) አግዶታል ማለት ነው። ማኔጀሩ የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም የሚል ከሆነም በአንጻሩ ደስ ይበልዎ፤ አድራሻውም ፈቃዱም ደህና ሆነው የቀረው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው። ይህን ሳይለዩ ፋየርዎል ማጥፋት፣ ቦይንክን ነቅሎ መጫን፣ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው፤ ደህና የነበረውንም ያበላሻል።

ፒንግ አድርገው (አለህ ወይ የሚል አጭር ጥሪ ወደ ዴስክቶፑ ልከው) መልስ ቢያጡ ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒንግን እየከለከለ ሌላውን ሊያሳልፍ ይችላል።

ለዘለቄታው ራውተሩ ውስጥ ገብተው ለሁለቱም ኮምፒውተሮች ቋሚ አድራሻ ያስይዙላቸው። በክረምት መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩን እያረሙ መኖር አያዛልቅም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ቆቺ ነኝ። ጓደኛዬ እንደነገረኝ የተፈቀዱትን ኮምፒውተሮች የሚዘረዝረውን ፋይል ጻፍኩ፤ የይለፍ ቃሉንም ገለበጥኩ፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ አያውቅም። ኢንተርኔት ግን በሁለቱም ላይ አለ።

መልስ፦ በመጀመሪያ ፋይሉን የጻፉት በየትኛው ኮምፒውተር ላይ ነው? ሪሞት ሆስትስ (remote_hosts.cfg) የሚባለው ፋይል የሚቀመጠው በሚታዘዘው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ውስጡ የሚጻፈው ግን የሚያዘው ኮምፒውተር አድራሻ ነው፤ በአንድ መስመር አንድ አድራሻ። ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል። የይለፍ ቃሉም የሚወሰደው በሚታዘዘው ኮምፒውተር ላይ ካለው የይለፍ ቃል ፋይል (gui_rpc_auth.cfg) ነው፤ ቦይንክ መጀመሪያ ሲነሣ ራሱ የፈጠረው 32 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ቃል ነው። ሁለቱም ፋይሎች ዊንዶውስ ላይ የሚገኙት በሲ ድራይቭ ፕሮግራምዳታ ውስጥ ባለው የቦይንክ ፎልደር ነው። ፕሮግራምዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ካላበሩ አያገኙትም።

ሁለተኛው ነገር ዓይን የሚያታልል ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ሲያስቀምጡ ኖትፓድ ከስሙ መጨረሻ ነጥብ ቲኤክስቲ ሊጨምርበት ይችላል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ይህን ቅጥያ ስለሚደብቀው፣ በዓይንዎ ሲያዩት ስሙ በነጥብ ሲኤፍጂ የሚያልቅ ትክክለኛ ፋይል ይመስላል። ቦይንክ ግን አያውቀውም። ከፋይል ኤክስፕሎረር የፋይል ቅጥያዎችን አሳይ የሚለውን ያብሩና ትርፉን ያጥፉት።

ይህን ካረሙ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሡት። የማኔጀሩን መስኮት መዝጋት ብቻ ቦይንክን አያስቆመውም፤ ከጀርባ ስለሚቀጥል አዲሱን ፋይል ሳያነበው ሊቆይ ይችላል። ሲነሣ በሚታዘዘው ኮምፒውተር የትእዛዝ መስኮት ኔትስታት ከጭረት ኤኤን ጋር (netstat -an) ጽፈው 31416 የሚለውን ፖርት፣ ማለትም ቦይንክ ጥሪ የሚቀበልበትን የበር ቁጥር፣ ይፈልጉ። (ፓይ ሲጠጋጋ 3.1416 ስለሚሆን ቁጥሩ አይረሳም።) ከፊቱ 127.0.0.1 ካለ ቦይንክ የሚሰማው ራሱን ኮምፒውተሩን ብቻ ነው፤ ፋይልዎን አላየውም ማለት ነው። 0.0.0.0 ካለ ግን ከውጭ የሚመጣውን እየጠበቀ ነውና ወደ ፋየርዎሉ ይለፉ። ዊንዶውስ የቤትዎን ዋይፋይ የሕዝብ ኔትወርክ ብሎ መዝግቦት እንደሆነ ወደ ግል ይቀይሩት፤ ለቦይንክም በ31416 በኩል መግቢያ ይፍቀዱለት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በእርግጥ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው ወይ? አንዱ በራውተሩ፣ ሌላው በስልክ ሆትስፖት ኢንተርኔት ቢያገኙም እርስ በርስ አይተያዩም። አንዱ በእንግዳ ዋይፋይ ከገባም ራውተሩ ሆን ብሎ ይለያቸዋል።

አንድ አቋራጭ መኖሩን ሳይሰሙ አይቀሩም፤ በቅንብር ፋይሉ ማንኛውም ኮምፒውተር ይግባ ብሎ መፍቀድ። እኔ አልመክርዎትም። በተለይ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ክፍል ተከራይተው አንድ ዋይፋይ ለብዙ በሚጋሩ ሰዎች መካከል ከሆኑ፣ የእርስዎን ኮምፒውተር የሚጠብቀው የይለፍ ቃሉ ብቻ ይሆናል። ሁለት አድራሻ መጻፍ ያን ያህል ድካም የለውም።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዷል። እዚያ ሆኖ ጅማ ያለውን ኮምፒውተራችንን ለመቆጣጠር፣ ራውተሩ ላይ ፖርት 31416ን ወደ ኢንተርኔት እንድከፍትለት ነገረኝ። ልክፈትለት?

መልስ፦ አይክፈቱለት። በዚህ ፖርት የሚተላለፈው መልእክት የተመሰጠረ አይደለም፤ በሩን ያገኘና የይለፍ ቃሉን የገመተ ሰው ኮምፒውተርዎን ወደማያውቁት ፕሮጀክት ሊያስገባው ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ቤትዎ ኢንተርኔት የሚያገኘው በሞባይል መስመር ከሆነ፣ ከውጭ በቀጥታ የሚጠራ የራሱ አድራሻ ላይኖረው ስለሚችል ፖርቱን መክፈቱ ላይጠቅምም ይችላል።

ልጅዎ የሚፈልገው ሰዓቱንና የሥራውን መጠን መወሰን ከሆነ ግን ፖርት አያስፈልገውም። በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ በራሱ አካውንት ገብቶ ምርጫዎቹን ይቀይር፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ውጭ እየደወለ ሥራ ስለሚቀበል፣ በሚቀጥለው ግንኙነቱ አዲሱን ምርጫ ይወስዳል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ቀደም ሲል ማኔጀሩ ላይ የተቀመጠ የአካባቢ ምርጫ ካለ የድረ ገጹን ስለሚሽር አስቀድመው ያጥፉት። ብዙ ፕሮጀክቶችን በአንድ ቦታ ማስተዳደር ከፈለገም ሳይንስ ዩናይትድን የመሰለ የአካውንት ማኔጀር ይጠቀም። እያንዳንዱን ሥራ በዓይኑ እያየ ማስቆም የግድ ካስፈለገው ደግሞ መጀመሪያ ቪፒኤን ወይም ኤስኤስኤች (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ መተላለፊያ የሚከፍቱ ዘዴዎች) ያዘጋጅና ቦይንክን በዚያ ውስጥ ያሳልፈው።